አንካሳው በሬ

አባታችን ልብ እንዳለው ያወቅነው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ጨጓራ እንዳለው እናውቅ ነበር። ጉልበት እንዳለው እናውቅ ነበር (የሚያመው ጉልበት ማለታችን ነው)። ቁጣ እንዳለውማ ከእኛ በላይ ማን ሊያውቅ! ልቡ ግን አንድም ቀን ስሙ ተነስቶ አያውቅም።

እናላችሁ፣ ይህን የምንጽፈው ሦስት ወንድምና እህት ነን። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ተወልደን ያደግነው ግን አንገር ጉቲን ነው። አንገር ጉቲንን ለማታውቋት (ብዙ ናችሁ፤ እዚህ ከተማ "ወለጋ ነን" ስንል "ነቀምቴ?" ከሚለው ጥያቄ አልፎ የሄደ ሰው እምብዛም አልገጠመንም) ከነቀምቴ ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሹራባችሁን የምታወልቁበት ቦታ ላይ ናት። ቆላ ናት። በቆሎ፣ ሰሊጥ፣ ማንጎ… ደግሞም ወባ። አባታችን ከወሎ በ1977ቱ ሰፈራ መጥቶ፣ ጫካ መንጥሮ፣ በሬ ገዝቶ፣ እኛን የወለደው እዚያ ነው። የወሎ ሰዎች "ጋሼ" ይሉታል፣ የኦሮሞ ጎረቤቶቻችን "ኦቦ" ይሉታል። እኛ አባዬ እንለዋለን።

ያን ጊዜ እማዬ ደወለች። "አባታችሁን ጨጓራው ጠንቶበታል፤ አብሽሩ፣ ምንም አይል።" አበሸርን። ሥራችን ላይ ነበርን፣ ደግሞስ ጨጓራ ማንን ገድሎ ያውቃል? ደረቱን ያቃጥለዋል፣ ያልበዋል፣ ግራ እጁን ይደነዝዘዋል ስትለንም ጨጓራ እጅ ያደነዝዛል እንዴ ብሎ የጠየቀ ከመሃላችን አልተገኘም። ሦስታችንም ዩኒቨርሲቲ የበጠስን ሰዎች ነን። መቼም!

በመጀመሪያው ቀን አንድ ክሊኒክ ሄዶ ደሙ ለወባ ታየ። ወባ የለም። የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። በክሊኒኩ አንፈርድም፤ ቆላ ውስጥ ሕመም ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው፣ ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው፣ ታይፎይድ ካልሆነ ጨጓራ ነው። ልብ ተራው የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። በሁለተኛው ሌሊት ግን ትንፋሹ ሲያጥር ጎረቤቶች በአይሱዙ ጋቢና ጭነው ነቀምቴ አደረሱት። እዚያ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው ኢሲጂ አነሱት፤ ወረቀቱን ያየው ሐኪም ሃርት አታክ መሆኑንና ከጀመረው ሁለት ቀን ገደማ እንደሆነው ተናገረ።

ኋላ ስንማር የገባን ይህ ነው። የልብ ጡንቻን የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ከዚያ በታች ያለው ሥጋ መሞት ይጀምራል። የረጋውን ደም የሚያሟሙ መድኃኒቶች አሉ፤ ጥቅማቸው ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ እምብዛም። አባዬ እነዚያን ሰዓታት ያሳለፈው የጨጓራ ሽሮፕ እየጠጣ ነው።

የሆነው ሆኖ ተረፈ። ሳምንት ያህል ተኝቶ አራት ዓይነት ኪኒን ይዞ ወጣ። ፍየል ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ቄሱም ሼሁም መጡ። እኛም ደስ ብሎን ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍነውና ከሥሩ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፈ!" ብለን ጻፍንበት። ላይኩ ብዛቱ! "አለፈ" የምትለዋን ቃል እባካችሁ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ከአራት ወር በኋላ ይመስለናል፣ በስልክ እያወራን ሳለ አባዬ እንደ ቀልድ አንድ ነገር ጣል አደረገ።

"ልጆቼ፣ ይኸ ልቤ እንደ አንካሳ በሬ ሆኗል። ሁለት ይራመድና ይቆማል። ከዚያ ደግሞ ጅራፍ እንዳረፈበት ይሮጣል።"

ሳቅን። አባዬ ሁሉን ነገር በበሬ ነው የሚመስለው፤ መንግሥትንም፣ ትዳርንም፣ የእኛን የትምህርት ውጤትም። ያሳቀን ነገር ሌሊት እንደሚያባንነውና ጎተራ ድረስ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ጊዜ እንደሚያርፍ የነገረችን እማዬ ናት። እሷም ዘግይታ። "እናንተን ላለማስጨነቅ" ነው መልሷ። (እናቶች ላለማስጨነቅ ብለው የደበቁት ነገር ቢሰበሰብ ስንት ሰው ያድን ነበር!)

አዲስ አበባ አመጣነው። ወረፋውን አንነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ያየው ሐኪም ወጣት ነበር፣ ከታላቃችን ብዙም አይበልጥ። ኢሲጂውን አይቶ፣ ኢኮ አንስቶ፣ ወረቀቱን እኛ ፊት ዘረጋና ወደ አባዬ ዞረ።

"አባት፣ በመስኖ አርሰው ያውቃሉ?"

"ታዲያስ! ከአንገር ወንዝ ቦይ ጠልፈን።"

"ቦዩ ውስጥ ትልቅ ድንጋይ ቢወድቅ ውሃው ምን ይሆናል?"

"ይዞራላ። አዙሪት ይሠራል።"

"የእርስዎ ልብ ላይ ድንጋይ ወድቋል" አለው።

ልብ የሚመታው ከላይ ወደ ታች በሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው አለን። ሃርት አታክ የገደለው ሥጋ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ፍሰቱ ጠባሳውን እየዞረ መውጫ አጥቶ ከተሽከረከረ የታችኛው የልብ ክፍል በደቂቃ 200 ጊዜና ከዚያም በላይ ሊመታ፣ ከዚያም አልፎ መምታቱን ትቶ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የሚንቀጠቀጥ ልብ ደም አይረጭም። ሰውዬው "ደህና ነበር፣ ቡናውን እየጠጣ ነበር" የሚባለው ያን ጊዜ ነው። የአባዬ ግን ሌላኛው ዓይነት ነበር። የታችኛው ክፍል ስለደከመ ደሙ ወደኋላ እየተጠራቀመ የላይኛውን ክፍል ለጥጦታል፤ የተለጠጠው ግድግዳ ደግሞ ሥርዓት ባለው መንገድ መምታቱን ትቶ ይርገፈገፋል። ስሙ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። እኛ ቤት እስከ ዛሬ ስሙ አንካሳው በሬ ነው።

"ይኸኛው ወዲያው አይገድልም" አለ ሐኪሙ። "ግን ደም እዚያ ጥግ ይቆምና ይረጋል። የረጋው ጓል ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው።"

አባዬ ዝም ብሎ ቆየና እኛም ልንጠይቀው ያሰብነውን ጠየቀ። "ዶክተር፣ ታዲያ ይህን መዝለሉን ቀጥ የሚያደርግ መድኃኒት የለም?"

ሐኪሙ ፈገግ አለ። አንዳንዱን ዓይነት መዛባት ቀጥ የሚያደርግ መድኃኒት እንዳለ፣ ሃርት አታክ ላለፈበት ልብ ግን ብዙውን ጊዜ ባይነካ እንደሚሻል ነገረን። ከዚያ በአሜሪካ የተደረገ አንድ ጥናት ጠቀሰ። እኛም እንደ ዘመኑ ልጆች ማታ ቤት ገብተን ፈለግነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሐኪሞች አንድ ነገር አይተዋል፤ ከሃርት አታክ በኋላ ልባቸው ከታች በኩል ያለጊዜው የሚዘልባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ቀድመው ይሞታሉ። መዝለሉን የሚያጠፉ መድኃኒቶችም ነበሯቸው፤ ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ ይባላሉ። ታዲያ መዝለሉ ከጠፋ ሞቱም ይጠፋል አይደል? ማን ይጠራጠራል? ብዙ ሐኪም ጥናት ሳይጠብቅ ያዝዝ ነበር። ካስት የተባለው ጥናት መጣና በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው፦ ለግማሾቹ መድኃኒቱ፣ ለግማሾቹ ባዶ ኪኒን። መጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1991 ታተመ። ከ1,498 ሰዎች መሃል መድኃኒቱን ከወሰዱት 63 ሞቱ፤ ባዶውን ኪኒን ከዋጡት 26። ኢሲጂያቸው አምሮ፣ ልባቸው መዝለሉን ትቶ ነው የሞቱት።

ይህን ቁጥር ያነበብን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም ብንል ማጋነን ነው፤ ግን ሦስታችንም ዝም አልን። ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ይበል እንጂ ሌላው ይደርሳል ብለን ነበርና። ለካ የሰውዬውን መስመር ማሳመርና ሰውዬውን ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ያቆየው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ኖርዌዮች ቲሞሎል የተባለ መድኃኒት ሃርት አታክ ላለፈባቸው ሰዎች ሰጥተው ድንገተኛ ሞትን ከ40 በመቶ በላይ ቀንሰዋል። አባዬ በየቀኑ የሚውጠው ሜቶፕሮሎል የዚያ ዘመድ ነው። ልብን አያሳምርም፤ ዝግ ያደርጋል፣ ከድንጋጤ ይከልላል፣ አለቀ። ብዙ ሰው ደግሞ አይወደውም፣ ያደክማል። አባዬ "ይኸ ኪኒን ሰነፍ አደረገኝ" እያለ ሁለት ጊዜ ትቶታል፤ በድንገት ማቆሙ ራሱ ልብን እንደሚያስበረግግ ሳይነገረው። ወይ ተነግሮት ይሆናል፤ በዚያ ወረፋ መሃል ማን ይሰማል?

ሌላም ቁጥር አለ፣ አንዴ ከገባንበት ማለት ነው። ቫሊያንት በተባለው ጥናት ሃርት አታክ ልባቸውን ያዳከመባቸው 14,609 ሰዎች ታይተዋል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት በድንገት የመሞት ወይም ልብ ቀጥ ብሎ የመቆም ዕድል በወር 1.4 በመቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ 0.14 በመቶ። አሥር እጥፍ ወርዷል ማለት ነው። ግን ዜሮ አልሆነም። እኛ "አለፈ" ብለን ፎቶ የለጠፍነው በዚያ በአስፈሪው ወር ውስጥ ነው።

ወደ ደም ማቅጠኛው እንምጣ፤ ምክንያቱም ቤታችንን ያመሰው እሱ ነው። ዋርፋሪን ይባላል። ታሪኩ ራሱ ይገርማል፦ አሜሪካ ውስጥ የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ሲሞቱ ተመራማሪዎች ከድርቆሹ ጥፋተኛውን ነገር አገኙ፤ ከዚያ የተሠራው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ። ለሰው መድኃኒትነት የተፈቀደው በ1954 ነው። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሃርት አታክ ሲመታቸው ከተሰጧቸው መድኃኒቶች አንዱ እሱ ነበር። ዓመት ቀደም ብሎ ጃንሆይን በዋይት ሐውስ የተቀበሉት እኚሁ ሰው ናቸው። በ1956 ዳግመኛ ተመረጡ፣ እስከ 1969 ኖሩ። ይህን ለአባዬ ስንነግረው ስለ ፕሬዚዳንቱ ያለው ነገር የለም። "የአይጥ መርዝ?" አለ። ባንነግረው ይሻል ነበር።

ዋርፋሪን ጠባይ አለው። ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ይፈሳል። መሃሉን ለማወቅ አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል። ምግብም ይመርጣል፤ አረንጓዴ ቅጠል ሲበዛ ጉልበቱ ይደክማል። አሁን እስቲ ይህን ለወሎ ሰው በሁዳዴ አስረዱት! እማዬ ጎሮ ያለው ጎመን በጾም ወራት የቤታችን ቀለብ ነው። ሐኪሙ ደግነቱ ልምድ ያለው ነበር። "ጎመን አይብሉ" አላለም። "የሚበሉትን ያህል ሁልጊዜ እኩል ይብሉ፤ ልኩን እኛ በዚያ እናስተካክላለን" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ጎመኑን በፍስክም በጾምም በአንድ ጭልፋ እየለካች ታቀርባለች። ከመድኃኒት ቤት ሚዛን አታንስም።

ችግሩ ጎመኑ አልነበረም፣ መንገዱ ነበር። ነቀምቴ በጠየቅንበት ላብራቶሪ መመርመሪያው አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ አልቋል። ሲያልቅ አዲስ አበባ መምጣት ነው። ከአንገር ጉቲን ነቀምቴ፣ እዚያ ማደር፤ በነጋታው ባኮን፣ ጌዶን፣ አምቦን እያሉ አውቶቡስ ተራ። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጥቶ ጥቂት ጠብታ ደም ይሰጣል። "የደሜን ያህል ቤንዚን ቢቀዱልኝ" ይላል አባዬ። ጥጃ የሸጠበት ጊዜ አለ፣ እኛ ሳናውቅ። ልብ ሕሙም ሰው ለሁለት ቀን መንገድ መቀመጡም ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ያም ሆኖ ሦስት ዓመት ያህል ሄደ።

ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ኳስ እያየን ነበር፤ ዴንማርክና ፊንላንድ። ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ወደቀ። እንደምታስታውሱት ጓደኞቹ ዙሪያውን አጥረው ቆሙ፣ ሐኪሞቹ ደረቱን ጫኑት፣ በኤሌክትሪክ መቱት፣ ልቡ ተመለሰ። የእሱ ሃርት አታክ አልነበረም፤ ግን እዚያ ሣር ላይ የታየው፣ ልብ በድንገት መምታቱን መተው፣ ሐኪሙ ያን ዕለት የነገረን ነገር ነው። ቤቱ ሁሉ ሲጮህ ሦስታችን ስልክ አነሳን። እማዬ ተኝታ ነበር። "ምን ሆናችሁ በዚህ ሌሊት?" "ምንም። አባዬ ደህና ነው?" "ያንኮራፋል።"

ለኤሪክሰን ቆዳው ሥር ትንሽ ማሽን ገጠሙለት። ልብ ሲያብድ ራሱ ተቆጣጥሮ ንዝረት የሚሰጥ ማሽን ነው፤ ሚሼል ሚሮውስኪ የተባለ ሐኪም ለዓመታት ሲደክምበት ቆይቶ መጀመሪያ ሰው ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሃርት አታክ ልባቸውን ክፉኛ ባዳከመባቸው ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ማሽኑ ከሌላቸው 19.8 በመቶ፣ ካላቸው 14.2 በመቶ ሞተዋል። ኤሪክሰን ደግሞ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ስሎቬኒያ ላይ ጎል አገባ። ደስ ብሎናል፣ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ደግሞ አሰብን፤ እሱ የወደቀው ሐኪምና ማሽን ዳር ቆመው በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ነው።

ከኳሱ ሁለት ወር በኋላ መንገዱ ተዘጋ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. እዚያው ምሥራቅ ወለጋ፣ ጊዳ ኪራሙ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ከ200 በላይ ሰው መገደሉን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሲያስታውቅ፣ እኛ ስለ አይኤንአር ለማውራት አፈርን። ሰው በጥይት እያለቀ ስለ አንድ ሽማግሌ ደም መቅጠን ማን ይጠይቃል? አባዬም አልጠየቀም። ያደረገውን የነገረችን ኋላ እማዬ ናት፦ ኪኒኑ እንዳያልቅበት በምላጭ ለሁለት ይከፍለው ነበር። ከዚያ ግማሹን አንድ ቀን እያሳለፈ። እህል በሚያልቅበት ክረምት ዘር እንደሚቆጥብ ሰው ቆጠበው። አርባ ዓመት ያረሰ ሰው ያወቀው ዘዴ ነው፤ ለበቆሎ ይሠራል።

በኅዳር 2014 አንድ ጠዋት ቡና ላይ ሲኒው ከቀኝ እጁ ወደቀ። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ነበር። ጎረቤት "መጋኛ ነው" አለ፤ ሌላው "ምች ነው" አለ፤ ጤና አዳም ተሸተተ። እማዬ ግን ያን ሐኪም ያለውን አልረሳችም። "ጓሉ ወጣ" አለችን በስልክ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። መኪና ተገኝቶ ነቀምቴ የደረሰው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

እንደገና ተረፈ። አፉ ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን ሞፈር አይጨብጥም። በሬዎቹን ለጎረቤት ልጅ በእኩል ሰጥቷል። ማረስ ከተወ በኋላ ቁጣው ጠፍቷል፤ እኛን ከሁሉ የሚያሳስበን እሱ ነው።

አንድ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ጥፋተኛው ማነው ብትሉን ጣት የምንቀስርበት አይጠፋም፤ መንገድ የዘጋው አለ፣ "መመርመሪያው አልቋል" ያለው አለ። እኛም ግን አለን። በእነዚያ ወራት በየቀኑ ደውለን "ደህና ናችሁ? ሰላም ነው?" ብለናል። "ስንት ኪኒን ቀረ?" ብለን የጠየቅንበት ቀን የለም። ፌስቡክ ላይ "አለፈ" ብሎ የጻፈ ሰው ምን ቀረ ብሎ አይጠይቅማ።

አሁን እንጠይቃለን። ሐኪሙ ዋርፋሪኑን ትቶ ሪቫሮክሳባን የሚባለውን አዲሱን ማቅጠኛ አዞለታል፤ አይኤንአር አይፈልግም፣ ጎመንም አይመርጥ። ዋጋው ሦስት ደመወዝ ላይ ተከፍሎ የሚቻል ነው፣ ለሦስታችንም። አንድ ጣጣ ግን አለው፦ ዋርፋሪን ቢቋረጥ ጉልበቱ ቀናት ይወስድበታል ለመጥፋት፤ ይኸኛው በአንድ ቀን ገደማ ይጠፋል። መዝለል አይፈቅድም። ስለዚህ ከእኛ ወደ አንገር ጉቲን የሚሄደው ነገር ኪኒን ነው፤ በሹፌር፣ በነጋዴ፣ ለሰርግ በሚሄድ ዘመድ። አንዴ ለቅሶ ሊደርስ በሚሄድ ሰው ልከናል፤ ሰውየው እያለቀሰ ተቀበለን።

ሌላም ነገር ጀምረናል። ኢሲጂ እዚያ የለንም፤ እማዬ ግን አለች። ማታ ማታ ስንደውል ስልኩን ላውድ አድርጋ ረከቦቱ ላይ ታስቀምጠውና በግራ እጇ የአባዬን አንጓ ትይዛለች፤ ትርታው በመጣ ቁጥር በቀኝ እጇ ማንኪያ ሲኒውን ትመታለች። እኛ አዲስ አበባ ሆነን ሰዓት ይዘን እንቆጥራለን። ሐኪሙ ያስተማረን አንድ ሙሉ ደቂቃ እንድንቆጥር ነው፤ እንደ ደህና ልብ ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አይሆንም፤ አንካሳ በሬ ስንት እንደሚራመድ በሩብ ማሳ አይታወቅም። ኪን፣ ኪን… ኪን። ኪን ኪን ኪን… ዝም። አንዳንዴ ዝምታው ሲረዝም ሦስታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ከዚያ ኪን።

የጎረቤት ልጆች ይህን ሰምተው "የአዲስ አበባ ልጆቻቸው በስልክ ዘፈን ያስመቷቸዋል" ይላሉ አሉ።

ከ100 ሲያልፍ ለሐኪሙ እንደውላለን። አንድ ጊዜ 128 ደርሶ ነበር፤ ሜቶፕሮሎሉን "ለጾም" ብሎ ትቶት ተገኘ። ጾም ኪኒን እንደማያስከለክል የንስሐ አባቱ ራሳቸው በስልክ እንዲነግሩት አደረግን፤ ከእኛ ይልቅ እሳቸውን ሰማ።

ከዚያ ከ2010ሩ ሕመም እነሆ ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው። ልቡ አልተስተካከለም፤ አይስተካከልምም ተብለናል። ማንጎው ሥር ወንበር አስወጥቶ የጎረቤቱን ልጅ እርሻ ከሩቅ ይመራል። "ያንን ቀንበር አላላው!" የሚል ድምፁ አንዳንዴ በስልኩ ይሰማል፤ ሲቆጣ ደስ ይለናል።

ትናንት ማታ ሲኒው 78 ቆጠረ። መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ዘለለ።

"እማዬ፣ ኪኒኑስ?"

ሳጥኑ ሲከፈት ተሰማ። ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች።

"ዘጠኝ ቀርቷል።"

ለነቀምቴ የሚጭን አንድ የምናውቀው ሹፌር ሰኞ ይወጣል። ከነቀምቴ ወደ ታች ማን እንደሚወስደው እየጠየቅን ነው። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ብለውናል።